ጥይት በእጅ ይሞላ በነበረ ጊዜ፦ ከሊ ወንዝ እስከ መቅደላ

ሰሜን ለንደን ኤድመንተን ውስጥ፣ ከሊ ወንዝ ዳር፣ «ኢሊ እስቴት» የሚባል የመጋዘንና የፋብሪካ ግቢ አለ። እንጀራዬን የማገኘው እዚያ ነው፤ ከጭነት መኪና ዕቃ አወርዳለሁ፣ እደረድራለሁ፣ መልሼ እጭናለሁ። ግቢው ስሙን ያገኘው ከ1860ዎቹ ጀምሮ በዚሁ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ጥይት ይሠራ ከነበረው ከኢሊ ወንድማማቾች ኩባንያ ነው። (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው ተጠቃልሎ ወደ በርሚንግሃም ሄደ፤ ስሙ ግን በቦታው ቀረ።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። አያቴ በጣሊያን ጊዜ ዱር የገቡ አርበኛ ነበሩ። ስለ ጀግንነታቸው ሲጠየቁ ብዙም አያወሩም፤ የጥይት ነገር ከተነሣ ግን ወሬያቸው አያልቅም። ከተኩስ በኋላ ልጆች ሣሩን እየዳበሱ ቀለህ ይለቅሙ እንደነበር፣ የተተኮሰ ቀለህ መጣል እህል እንደ መድፋት ይቆጠር እንደነበር ነግረውኛል። እርሳስ አቅልጦ አረር የሚያፈስ፣ ባሩድ የሚቀምም፣ ቀለሁን መልሶ የሚሞላ ሰው በጦሩ መካከል ትልቅ ክብር ነበረው። «ጠመንጃማ ነበረን፤ የቸገረን የሚጎርሰው ነው» ይሉ ነበር።

የጦር ታሪካችን የሚተረከው በጠመንጃ ስም ነው፤ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያልን። የጥይቱን ታሪክ ግን የሚተርከው የለም። ኤድመንተን መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ በእረፍት ቀኖቼ የሊን ወንዝ ዳር እየተከተልኩ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የአያቴ ንግግር እውነት መሆኑን ነው። የመሣሪያው ጌታ ጥይቱን መሥራት የሚችለው ነው። ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ደግሞ የአሮጌው ሪቮልቨር፣ ማለትም ስድስትና አምስት ጥይት በተሽከርካሪ ማኅደር የሚይዘው ሽጉጥ፣ ታሪክ ነው።

በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተከፈተው ታላቁ ኤግዚቢሽን፣ በመስታወቱ አዳራሽ፣ አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ሪቮልቨሮቹን ደርድሮ አሳየ። እዚያው ላይ የለንደኑ ሮበርት አዳምስም የራሱን ይዞ ቀረበ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ኮልት የሕዝቡን ፍላጎት አይቶ በ1853 ቴምስ ወንዝ አጠገብ ፒምሊኮ ላይ ፋብሪካ ከፈተ። ክፍሎቹ ሁሉ በማሽን እየተሠሩ አንዱ በሌላው ቦታ እንዲገባ መደረጉ ለለንደን አዲስ ነገር ስለነበር የቻርልስ ዲክንስ መጽሔት በ1854 ስለ ፋብሪካው ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ሆኖም ፋብሪካው ዕድሜ አላገኘም፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። አዳምስ ደግሞ ከለንደን ድልድይ አጠገብ ኪንግ ዊሊያም መንገድ ላይ ከዲን ቤተሰብ ጋር ሆኖ ይሠራ ነበር፤ በ1856 የተቋቋመው የለንደን አርመሪ ኩባንያም በርሞንድዚ ላይ የእሱን ሽጉጥ አመረተ።

የእነዚህ ሽጉጦች ዋና ነገር ባለቤቱ ጥይታቸውን ራሱ መሥራት መቻሉ ነበር። ገዥው የሚቀበለው ውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ የእንጨት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ከሽጉጡ ጎን ለጎን የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ፣ የባሩድ ቀንድ የሚመስል የመዳብ ዕቃ፣ የእሳት ጫሪ ቆቦች ቆርቆሮ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ መጥረጊያ ዘንግና መፍቻ እያንዳንዱ በራሱ ጎድጓዳ ቦታ ተኝቷል። ባለቤቱ እርሳሱን ራሱ አቅልጦ አረሩን ያፈስሳል። ባሩዱን ከፊት በኩል ወደ ማኅደሩ ይጨምራል፣ አረሩን በላዩ ይጠቀጥቃል፣ ከኋላ ደግሞ ቆቢቱን ይሰካል። ምላጩ ሲሳብ ቃታው ቆቢቱን ይመታል፤ ብልጭታው በቀዳዳው ገብቶ ባሩዱን ያቀጣጥላል።

ይህ አሠራር አድካሚ ነው። እርጥበት ያበላሸዋል፤ በችኮላ የሞላ ሰው በራሱ እጅ ላይ ያፈነዳዋል። ነገር ግን ነጻነት ነበረበት። እርሳስና ባሩድ ያለው ሰው፣ ለንደን ይሁን ጎንደር፣ መሣሪያውን ማጉረስ ይችል ነበር። እኛ አገር በአፈ ሙዙ ከሚጎርሰው ነፍጥ ጋር ለትውልዶች የኖርነው በዚሁ መንገድ ነው። ባሩድ ቀማሚ በየአውራጃው ነበር፤ እርሳስም ከነጋዴ ይገዛ ነበር። የለንደኑ ጌታ ሣጥንና የጎጃሙ ባለነፍጥ ኮረጆ ይዞታቸው ተመሳሳይ ነበር።

ቆቢቱ ብቻ ከእጅ ሥራ ውጪ ነበረች። በውስጧ ያለው ቅመም በትንሽ ምት የሚፈነዳ ስለሆነ ከባለሙያ በቀር የሚነካው አልነበረም፤ ባለሙያውንም አልማረም። የኢሊን ኩባንያ ከመሠረቱት ወንድማማቾች አንዱ ዊሊያም ኢሊ በ1841 ለንደን ቦንድ መንገድ ላይ በሥራው ቦታ ሳለ ይህ ቅመም ፈንድቶ ገደለው። ልጆቹ ሥራውን አልተዉትም። ግሬይስ ኢን መንገድ ላይ ፋብሪካቸውን አስፋፉ፣ ቆብ በብዛት አመረቱ፤ ባሩድና አረርን በአንድ ላይ ጠቅልሎ በስስ ሽፋን ውስጥ የያዘ፣ ከነሽፋኑ የሚቃጠል የሪቮልቨር ጥይትም ለገበያ አወጡ። ከተማው እየሰፋ ወደ ደጃቸው ሲመጣ ፈንጂ ነገር በሰው መካከል መሥራት አስቸጋሪ ሆነ፤ ወደ ኤድመንተን ረግረግ የወጡትም ሰፊና ሰው የራቀው ቦታ በመሆኑ ነው።

የሊ ወንዝ ዳር ለዚህ ሥራ የተመረጠው በኢሊዎች ብቻ አይደለም። ከኤድመንተን ወደ ላይ ወንዙን ተከትዬ ስሄድ ኤንፊልድ ሎክ እደርሳለሁ፤ ከ1816 እስከ 1988 የመንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካ የነበረው እዚያ ነው። ከዚያም ወደ ላይ ዋልተም አቢ አለ፤ መንግሥት በ1787 ገዝቶ የንጉሥ የባሩድ ወፍጮ ያደረገው ቦታ ነው። ባሩዱ በውኃ ኃይል ይፈጭ፣ በቦዩ ላይ በጀልባ ይጫን፣ በቀስታ ወደ ቴምስ ይወርድ ነበር። በቴምስ ማዶ ዉልች ላይ ደግሞ ታላቁ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትና ጥይት የሚሠራበት ንጉሣዊ ላቦራቶሪ ነበር። ባሩዱ፣ ጠመንጃውና ጥይቱ በሁለት ወንዞች ላይ የተገናኙበት አገር ነበር ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው ሰው ዉልች ላይ የተቀመጠ መኮንን ነው። ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር የላቦራቶሪው ኃላፊ ሳለ በ1866 አረሩን፣ ባሩዱንና ቆቢቱን በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ አዋሐደ። ቀለሁ ስስ የናስ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የተሠራ ሲሆን ቆቢቱ በመቀመጫው መካከል ትገባለች። ጥይቱ የተሠራው ጄኮብ ስናይደር በተባለ አሜሪካዊ ንድፍ ከኋላ እንዲጎርስ ለተለወጠው የኤንፊልድ ጠመንጃ ነው። የእኛ አባቶች «ስናድር» ያሉት ይህንን ነው። ስናይደር ራሱ በዚያው በ1866 ድህነት ላይ ሳለ ሞተ፤ ጠመንጃው ግን ለእንግሊዝ ጦር ሁሉ ተሰጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ ጥይት መቅደላ ደረሰ።

አጼ ቴዎድሮስ የዘመናዊ መሣሪያን ነገር ከማንም አስቀድመው የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። ከእንግሊዝ የለመኑትም ባለሙያና ማሽን ነበር። የሠሪነት ሕልማቸው ትክክለኛ ነበር፤ የሚሹት የተሠራ ዕቃ ሳይሆን የሚሠራ እጅ ነበርና። ከለንደን የመጣላቸው ግን ስጦታ ነው። ቆንስል ካሜሮን በ1862 ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ጥንድ ሽጉጥ አመጣላቸው፤ ሽጉጡ ላይ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረበት።

በኋላ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ተበላሽቶ ጦርነት መጣ። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አሮጌ ሜዳ ላይ የንጉሡ ጦር ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ገጠመ። የእኛ ሰዎች አብዛኞቹ በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ጦርና ጋሻ ይዘው ቁልቁል ሮጡ። አንድ ጊዜ ተኩሶ ባሩድ የሚጨምር፣ አረር የሚጠቀጥቅ፣ ቆብ የሚሰካ ሰው ይህን እስኪያደርግ ከፊት ለፊቱ ያለው የስናድር ተኳሽ ደጋግሞ ይተኩሳል። ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ከእንግሊዝ ወገን 20 ሰው ቆስሎ ከእነሱ ሁለቱ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ አምባው ሲሰበር አጼ ቴዎድሮስ ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ። የንጉሡን ጀግንነት ዘፈንም ግጥምም ዘክሮታል። እኔ ደግሞ ከጀግንነቱ ጎን የናሱ ቀለህ እንዲታወስ እፈልጋለሁ። አሮጌ ላይ የተሸነፈው ልብ ሳይሆን በእጅ የሚሞላ ጥይት ነው።

በዚያው በ1868 ለንደን ውስጥ ሌላም ነገር ሆነ። የሮበርት ወንድም ጆን አዳምስ፣ ስትራንድ መንገድ ላይ ሱቁ የነበረው፣ ሪቮልቨሩን በናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ ለወጠውና የእንግሊዝ ጦር ተቀበለው። አራት መቶ ሃምሳ የሚባለው የአዳምስ ጥይት ለጦሩ የመጀመሪያው ባለ ናስ ቀለህ የሪቮልቨር ጥይት ሆነ። የጠመንጃ በርሜሎች የሚፈተኑበት ሕግም በዚያ ዓመት በፓርላማ ታደሰ። የለንደኑ መፈተኛ ቤት ዛሬም ዋይትቻፕል ኮሜርሻል ሮድ ላይ አለ። የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ቻርተር አግኝቶ በርሜሉን ከልክ በላይ በሆነ ባሩድ እየተኮሰ፣ የጸናውን ማኅተም ይመታበታል። የባሩዱ ጉልበት ከብረቱ ጽናት ጋር ካልተመዛዘነ መሣሪያው ባለቤቱን ይገድላል፤ ሕጉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የናሱ ቀለህ ሲመጣ የእጅ ሥራው ያበቃ ይመስላል። አላበቃም፤ ተለወጠ እንጂ። ናስ ተለጥጦ የሚመለስ ብረት ነው። ሲተኮስ ተነፍቶ ከማኅደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጢሱ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ይዘጋል፤ ወዲያው መለስ ይልና ለመውጣት ይመቻል። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ ጤነኛ ከሆነ እንደገና ይሞላል። አሮጌዋ ቆብ ትወጣለች፣ ቀለሁ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ አዲስ ቆብ፣ ባሩድና አረር ይገባበታል። ለንደን ውስጥ ለአደን የሚሄዱ ጌቶች ሳይቀሩ የጥይት መሙያ መሣሪያቸውን ይዘው ይጓዙ ነበር፤ ሕንድ ወይም አፍሪካ በረሃ ላይ ሱቅ የለምና።

እዚህ ላይ የኮሎኔል ቦክሰር ሥራ ረጅም ዕድሜ አገኘ። የእሱ ዓይነት ቆብ ለብልጭታው አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው መቀመጫ ይበቃዋል፤ አሮጌዋን በዘንግ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። በርዳን የተባለው አሜሪካዊ የፈጠረው ግን መቀመጫው ላይ ትንሽ ጉብታና ሁለት ቀዳዳ ስላለው በእጅ ለሚሞላ ሰው ያስቸግራል። አሜሪካ የእንግሊዙን ያዘች፤ አብዛኛው አውሮፓ የአሜሪካዊውን ያዘ። በእጅ መሙላት አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ሰፊ ሙያ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኛ ዘንድ የናሱ ቀለህ ሲገባ ጥይት ራሱ ገንዘብ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገበያ ላይ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር ጥይት እንደ ሽርፍራፊ ይሰጥና ይወሰድ ነበር። ገንዘብ የሆነው ስለሚያስፈልግና ራሳችን ስለማንሠራው ነው። አጼ ምኒልክ ይህን አውቀው በየበሩ ገዙ፣ አከማቹ፤ ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ጥይት ለዓመታት የተጠራቀመ ነበር። የፋብሪካው ነገር ግን ሳይሳካ ዘመን አለፈ። በሐምሌ 1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ የለንደን መንግሥት ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ መላኪያ ፈቃድ አልሰጥም አለ። ለሁለቱም እኩል የተባለው ክልከላ እኩል አልነበረም። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ ግን የሚበቃን አልነበረንም። በጥቅምት ክልከላው ለእኛ ሲነሣ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። አያቴ ሣር ውስጥ ቀለህ የሚለቀምበት ጦር ውስጥ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ለንደንና አካባቢው በእጅ የሚሞሉ ጥቂት ሰዎች አሉ። የሥራ ባልደረባዬ አማት ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሌዝ ማሽን ላይ ብረት ሲቀርጹ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። የአያቴን ታሪክ ስነግራቸው ቢዝሊ ይዘውኝ ሄዱ። ቢዝሊ ሰሪ ውስጥ ያለ የተኩስ ሜዳ ነው፤ የእንግሊዝ የጠመንጃ ማኅበር በ1890 ከለንደኑ ዊምብልደን ሜዳ ተነሥቶ የሰፈረበት። ሽማግሌው በማኅደሩ ፊት የሚሞላ የአዳምስ ዓይነት ሪቮልቨር አላቸው። አረሩን በቤታቸው ጓሮ ያፈስሳሉ፤ የሞሉትን ሁሉ በደብተር ይመዘግባሉ። ሲሞሉ አያወሩም፣ ሌላም ሰው እንዲያናግራቸው አይፈቅዱም። «ባሩድ ይቅርታ አያውቅም» አሉኝ። አያቴም በሌላ ቋንቋ ይህንኑ ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ሙያው የሚኖረው በጠባብ በር ነው። በመጋቢት 1996 ስኮትላንድ ደንብሌን ትምህርት ቤት ውስጥ 16 ሕፃናትና መምህራቸው በሽጉጥ ከተገደሉ በኋላ፣ በ1997 የወጣው ሕግ ሽጉጥ በግል መያዝን ከለከለ። ከአፍ የሚሞሉት አሮጌ ሽጉጦች በፈቃድ ቀሩ፤ ታሪካዊ የሆኑ ባለ ናስ ቀለህ ሪቮልቨሮች ደግሞ እንደ ቢዝሊ ባሉ የተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፣ እዚያው ይተኮሳሉ። ጥቁር ባሩድ ለመያዝ የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል። የናስ ቀለህ ቆብም ቢሆን ከ2006ቱ ሕግ ወዲህ ፈቃድ ለሌለው ሰው አይሸጥም።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥይታቸው መሠራት ያቆመባቸው ጥንታዊ ሽጉጦች ለጌጥና ለቅርስ ያለ ፈቃድ ይያዛሉ። በ2017 በርሚንግሃም ፍርድ ቤት 30 ዓመት የፈረደበት አንድ የመሣሪያ ነጋዴ ይህን ቀዳዳ ተጠቅሞ ነበር። አሮጌ ሪቮልቨሮችን ከአሜሪካ እያስመጣ፣ የሚጎርሱትን ጥይት በእጁ እየሠራ ለወንበዴዎች አቀረበ፤ ሥራው ከ100 በላይ ከሆኑ የወንጀል ቦታዎች ጋር ተያያዘ። ሰውም ሞተበት። በመጋቢት 2021 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ሰባት የአሮጌ ጥይት ዓይነቶችን ከነጻው ዝርዝር አወጣ። እንዲህ ያለው ሰው ሙያውን አዋርዷል፤ ሕጉ መጥበቁ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሽማግሌውም ያምናሉ።

ከዚህ ሕግ ግን የምማረው ሌላ ነገርም አለ። አንድ አሮጌ ሪቮልቨር በእንግሊዝ አገር ቅርስ ወይም መሣሪያ የሚባለው በብረቱ ብቻ አይደለም፤ ጥይቱ ይገኛል ወይስ አይገኝም በሚል ጭምር ነው። ጥይት የሌለው የግድግዳ ጌጥ ነው፤ ጥይቱን የሚሠራለት ሲመጣ ያው ብረት ተመልሶ ገዳይ ይሆናል። አያቴ ሳይማሩ የደረሱበትን እውነት የለንደን ሕግ አውጪዎች በደንብ አንቀጽ ጽፈውታል።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። ሙዚየሞቻችን ጠመንጃ ሰብስበዋል፤ የአረር ማፍሰሻ ቅርጹን፣ የባሩድ ቀንዱን፣ ሙቀጫውን፣ የተጠገነውን ቀለህ ግን ስንቶቻችን እንደ ቅርስ አየናቸው? በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በሸዋ በየጎታው ሥርና በየጣሪያው ማገር የተሸጎጠ የእጅ ባለሙያ ዕቃ ካለ አትጣሉት፣ ለብረት ሻጭም አትስጡት፤ ለሙዚየም አስረክቡ። ጥይት ይሞሉ የነበሩ አባቶችን ያወቁ ሽማግሌዎች ከናንተ ጋር ካሉ የባለሙያዎቹን ስም፣ አገራቸውንና ሥራቸውን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ። ጀግኖቻችንን በስም እናውቃለን፤ ጀግኖቹን ያጎረሱትም በስማቸው መታወቅ ይገባቸዋል።